ከቦሌ እስከ ቤት፦ መኪናው ሞልቷል፣ የጎደለው ቀጠሮው ነው

አክስቴ ከጀርመን በኢስታንቡል በኩል የመጣች ጊዜ እኔ ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። ከቤተሰቡም ሌሊት ወጥቶ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። ስለዚህ በኢንተርኔት መኪና ያዝኩላት። ስሟን ሞላሁ፣ የበረራ ቁጥሩን ሞላሁ፣ ቀኑን ማክሰኞ፣ ሰዓቱን 01:40 ብዬ አስገባሁና ከፈልኩ። ማረጋገጫው በኢሜይል መጣልኝ። አእምሮዬ አርፎ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አክስቴ ናት። ስልኩ የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ጋ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ስትጠብቅ ነው ያደረችው። «ታዲያ ለምን አልደወልሽም?» ስላት «በሌሊት ሰው አላስቸግርም ብዬ ነዋ» አለችኝ። 67 ዓመቷ ነው። ጉልበቷንም ያማታል።

ማረጋገጫው ላይ ወዳለው የሹፌር ቁጥር ደወልኩ። ወዲያው አነሳ። ትሁት ሰው ነው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ከቤት ወጥቻለሁ። ቀጠሮዬ 1 ሰዓት ከ40 አይደል? እንዲያውም ቀድሜ እደርሳለሁ» አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ 01:40 ብዬ የጻፍኩት በፈረንጆቹ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 መሆኑ ነው። እሱ ጋ የደረሰው መልእክት 1:40 ብቻ ይላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ደግሞ 1:40 ጠዋት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። መኪናውን አጥቦ፣ ስሟን በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን እንዳይበላሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ በሰዓቱ ደረሰ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላረፈደም። አክስቴ ግን ከአምስት ሰዓት በላይ ብርድ ላይ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ከቦሌ መኪና ሊይዝ መሆኑን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ነው። ዋጋው የሚናቅ ነገር አይደለም፣ እመጣበታለሁ። ግን ከአየር ማረፊያው እስከ መስቀል አደባባይ እኮ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መንገዱ ክፍት ከሆነ ጨዋታ ሳይጀመር ነው የሚደረሰው። ቀድማችሁ መኪና ስትይዙ ዋናው የምትከፍሉበት ነገር አንድ የማታውቁት ሰው በተባለው ሰዓት፣ በተባለው ቦታ፣ ቆሞ እንዲጠብቃችሁ ነው። ቀጠሮ ነው የምትገዙት። ከቦሌ ሲወጣ የማየው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚሁ ከቀጠሮው ነው የሚመነጨው እንጂ አዲስ አበባ መኪና አጥታ አይደለም።

ደግሞስ ለምን ቀድሞ መያዝ አስፈለገ? ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው። ዱባይ የሚኖር ዘመድ ከአውሮፕላን ወርዶ ሜትሮ ይሳፈራል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለውም ከኅዳር 2015 ወዲህ ከደለስ አየር ማረፊያ ባቡር አለው። ቴል አቪቭም የቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ባቡር ተርሚናሉ ውስጥ ነው የሚቆመው፣ በአይሁድ ሰንበትና በበዓላቸው ግን አይሠራም። የእኛ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አንዱ መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። አንዱም ቦሌ አየር ማረፊያ አይደርስም። ቀን ቀን ሚኒባስ አለ፣ አውቶቡስ አለ። ግን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ የሚገባ ማን ነው? ሌሊት ደግሞ ሚኒባሱም የለም። ቦሌ ላይ ደግሞ ትልቁ ግርግር ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። የአየር መንገዱ አሠራር ራሱ እንደዚያ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ንጋት አካባቢ ተከታትለው ያርፋሉ፣ ተሳፋሪው ወደ ሌላው አፍሪካ በጠዋት እንዲቀጥል። ወደ ውጭ የሚሄደው ደግሞ ማታ ይነሳል። ስለዚህ ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው መኪና የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስንነጋገርም እናስተካክለዋለን። ችግሩ ወሬው በሦስትና በአራት እጅ ሲተላለፍ ነው። ውጭ ያለው ሰው በፈረንጅ ሰዓት ያስባል፣ ድረ ገጹ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጽፋል፣ አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ገልብጦ በቴሌግራም ይልካል፣ ሹፌሩ በሐበሻ ሰዓት ያነባል። በመካከሉ ከ01:40 ላይ ዜሮዋ ከወደቀች አለቀ።

ከሰዓቱ የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። ድረ ገጹ «ማክሰኞ 01:40» ካለ እኛ ጋ ይህ ሰኞ ሌሊት ነው። ለእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፣ ሰኞ ማታ የተኛ ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቢቀሰቀስ ያው ሰኞ ሌሊት ነው የሚለው። «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ተቀበልልኝ» ብላችሁ ብትነግሩት ሹፌሩ በማግስቱ ሌሊት ቢመጣ ጥፋተኛ ነው ልትሉት አትችሉም። መፍትሔው ደግሞ ቋንቋችን ውስጥ አለ፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» በሉ። ይህችን የሰማ ሹፌር አይሳሳትም። ዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። ለገና የሚመጣ ሰው ጃንዋሪ 7 እገባለሁ ይላል፣ ስልክ ያነሳው ታናሽ ወንድም ጥር 7 ብሎ ይመዘግባል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥር 7 ደግሞ ከዚያ 8 ቀን በኋላ። ዘመዱ በዓሉን ጨርሶ ሊመለስ ሲል መኪናው ይመጣል ማለት ነው። ይህንን ያየሁት በሰፈራችን ነው፣ ከአየሁት ነው የምናገረው።

ቦታው ሁለተኛው ነው። ቦሌን ለብዙ ዓመት ያላየ ሰው በር ላይ ዘመድ ተኮልኩሎ፣ እቅፍ አበባ ተይዞ፣ እልልታው ሲቀልጥ ያስባል። አሁን ተቀባይ ወደ ተርሚናሉ አይገባም። ተሳፋሪው ሻንጣውን እየገፋ ወጥቶ ወደ መኪና ማቆሚያው ይሄዳል፣ የሚቀበለውም ሹፌሩም የሚጠብቁት እዚያ ነው። ይህንን ያልተነገረው ሰው በሩ ላይ ይቆማል፣ ሹፌሩ ማቆሚያው ላይ ይቆማል፣ ሁለቱም ይጠባበቃሉ። ስለዚህ መኪና ስትይዙ «ኤርፖርት ይጠብቅሃል» የሚል መልስ አትቀበሉ። የት ጋ? ከየትኛው ተርሚናል? ዓለም አቀፉ በረራ ተርሚናል 2 ነው፣ የአገር ውስጡ ተርሚናል 1። ከባሕር ዳር ወይም ከመቀሌ የሚመጣን ሰው ተርሚናል 2 ሆኖ የሚጠብቅ ሹፌር አጋጥሞኛል፤ የሰጡት መረጃ «ከቦሌ ተቀበል» ብቻ ነበር።

ከዚያ ስልኩ አለ። እኛ አገር አድራሻ የሚባለው ነገር በስልክ ነው የሚሠራው። ሹፌሩ «የት ነሽ?» ይላል፣ ተሳፋሪዋ «ሰማያዊ ሹራብ የለበስኩት ነኝ» ትላለች፣ ይገናኛሉ። የውጭ ሲም የያዘና ሮሚንግ የሌለው ሰው ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሲም የሚሸጡ አሉ፣ ግን ሌሊት ደክሞት ልጅ ያቀፈ ሰው ሰልፍ ይዞ እስኪያስመዘግብ ድረስ ሹፌሩ ደውሎ ደውሎ «አይሠራም» ሲለው ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ይችላል። የምመክረው ይህንን ነው፦ ሹፌሩ ከተሳፋሪው በተጨማሪ አዲስ አበባ ያለ፣ ስልኩን የሚያነሳ፣ ሌሊት የማይተኛ የአንድ ሰው ቁጥር ይያዝ። ተሳፋሪውም የሹፌሩን ቁጥር ስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጽፎ ይያዝ። ባትሪ ያልቃል። አክስቴ የእኔ ቁጥር ደብተሯ ላይ ባይኖር ኖሮ ያ የጥበቃ ሠራተኛም ሊረዳት አይችልም ነበር።

ስሙም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የውጭ ድረ ገጾች «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። ፓስፖርቱ ላይ እዚያ ቦታ የገባው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ሹፌሩ የሚደርሰው ወረቀት ላይ ያ ብቻ ስለሚቀመጥ «ወይዘሮ ገብረመድህን» የሚል ሰሌዳ ይዞ ይቆማል። እሷ የራሷን ስም ስትፈልግ አልፋው ትሄዳለች፤ ሰው ደክሞት ከአውሮፕላን ወርዶ የአያቱን ስም አይፈልግም። በላቲን ፊደል የተጻፈ ከሆነማ ሹፌሩ ራሱ እንዴት እንደሚያነበው ይቸገራል። ስለዚህ በአማርኛ ሙሉ ስሙን ላኩለት፣ በራሱ ስም ጀምሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋጋው ላይ እንምጣ። በስልክ አፕ የሚጠራው መኪና ሂሳቡ የሚሠራው በመነሻ፣ በኪሎ ሜትርና በጊዜ ነው። በድረ ገጽ ቀድሞ የተያዘው ደግሞ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጁም ወደ ላይ ወጣ፤ በ2017 መስከረም መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፣ ከዚያም በኋላ ጨመረ። በዶላር የተቆረጠ ዋጋ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ ለሹፌሩ የደረሰ ይመስላችኋል? አክስቴን ያመጣውን ሹፌር በኋላ ደውዬ ጠየቅሁት። እኔ ከከፈልኩት እሱ ጋ የደረሰው ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ድረ ገጹ ውጭ ነው፣ ሥራውን አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ይሰጣል፣ ድርጅቱ ለባለ መኪና ይሰጣል፣ ባለ መኪናው ለሹፌሩ። እያንዳንዱ ድርሻውን ቆርጦ ነው የሚያሳልፈው። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን መረጃውም በዚያው መንገድ ነው እየተሸራረፈ የሚያልፈው። ዜሮዋም የወደቀችው እዚያው ላይ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ቀጠሮው ይጠነክራል። ከሹፌሩ ጋር በቀጥታ ተነጋግራችሁ የያዛችሁት መኪና፣ በጣም ካማረው ድረ ገጽ ይሻላል። ሰፈር ውስጥ የሚታወቅ፣ ዘመድ ከዚህ በፊት የተገለገለበት ሹፌር ካለ እሱን ያዙ። ከሌለም በድረ ገጽ ያዙ፣ ግን ከአንድ ቀን በፊት የሹፌሩን ስምና ቁጥር ጠይቁ። አንሰጥም ካሉ ራሱ መልስ ነው፤ ገና ሰው አልመደቡም ማለት ነው።

ስለ መጠበቂያ ጊዜም ጠይቁ። ብዙዎቹ አንድ ሰዓት ያህል በነፃ እንጠብቃለን ይላሉ። ከመቼ ጀምሮ? በፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈው የማረፊያ ሰዓት ነው ወይስ አውሮፕላኑ በእርግጥ ካረፈበት? ልዩነቱ ትልቅ ነው። አውሮፕላን ይዘገያል። ካረፈም በኋላ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ እስኪመጣ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ብዙ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ በሚያርፍበት ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ቶሎ ያልፋል። የበረራ ቁጥሩን መስጠት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከደለስ የሚመጣው ኢቲ 501 ነው ካላችሁት ሹፌሩ ስልኩ ላይ እያየ ሲዘገይ ዘግይቶ ይወጣል፣ ሲቀድም ይቀድማል። ግን ቁጥሩን መቀበልና መከታተል ይለያያሉ። የእኔንም የበረራ ቁጥር ተቀብለውኝ ነበር።

ሻንጣውን አትርሱ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ይይዛል። አራት ሆኖ የሚመጣ ቤተሰብ ስምንት ሻንጣ ነው፣ የእጁ ሳይቆጠር፣ የሕፃኑ ጋሪ ሳይቆጠር። በአፕ የሚመጣላችሁ መኪና ደግሞ ቪትዝ ሊሆን ይችላል። ቪትዝ ጎበዝ መኪና ናት፣ አዲስ አበባን ያቆመችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም፣ ግን ኋላዋ ሁለት ትልቅ ሻንጣ እንኳ በግድ ነው የሚገባው። ሌሊት ላይ ሹፌሩና ተሳፋሪው ሻንጣ አውጥተው አስገብተው፣ አንዱን ከፊት ወንበር አስቀምጠው፣ ልጁን እናቱ ታቅፋው ሲሄዱ አይቻለሁ። ልጅ ታቅፎ መሄድ አደገኛ ነው፣ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ክንድ አይይዘውም። የሻንጣውን ብዛት ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሚኒባስ ወይም ሰፋ ያለ መኪና ያስፈልጋል ከተባለም ልዩነቱን ክፈሉ። ይህ ለቅንጦት የሚከፈል አይደለም።

«አፕ እያለ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አፕ ብዙ ነገር ቀይሯል። ላዳ ተከራይተን አምስት ደቂቃ የምንከራከርበት ዘመን እንዳይረሳ። ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090 በስልክ ብቻም ይጠራሉ፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው እንኳ ይጠቀማል። ከቦሌ ወጥቶ በአፕ ጠርቶ ያለ ችግር ቤቱ የገባ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ብቻዬን አንድ ሻንጣ ይዤ ስመጣ እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን አፕ የሚሠራው የአገር ውስጥ ስልክ ለያዘ ሰው ነው። ደግሞ አንዳንድ ሹፌር ደርሶ «አፑን እናጥፋውና እንነጋገር» ይላል። ምክንያት አለው፤ ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ውሎ ነው የመጣው፣ ኮሚሽን አለበት፣ ሲመለስ ባዶውን ነው። ይገባኛል፣ ሹፌሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ግን አፑ ሲጠፋ ጉዞው የተመዘገበበት ቦታ አብሮ ይጠፋል። ስልክ መኪና ውስጥ ቢረሳ፣ ጠብ ቢነሳ፣ ማን እንዳሳፈራችሁ የሚያውቅ የለም። ጉርሻ መስጠት ከፈለጋችሁ ጉዞው ተመዝግቦ ካለቀ በኋላ በእጁ ስጡት ወይም በቴሌብር ላኩለት። አፑን ግን አታጥፉ። በተለይ ሌሊት፣ በተለይ ሴት ከሆናችሁ።

ስለ እህቶቻችን ሳልናገር ባልፍ ይህንን ጽሑፍ መጻፌ ምንም አይጠቅምም። ከሳዑዲ፣ ከቤይሩት፣ ከኩዌት የሚመለሱት ሴቶች ለዓመታት ሠርተው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ሻንጣ ይዘው ነው ሌሊት የሚወርዱት። ብዙዎቹ አዲስ አበባን አያውቋትም፤ የመጡት ከወሎ ወይም ከጅማ ገጠር ነው፣ ያለፉባትም ሲሄዱ ብቻ ነው። «ነይ የኔ እህት፣ እኔ አደርስሻለሁ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ?» የሚል ሰው ቶሎ ይቀርባቸዋል። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ገንዘብ ኪሷ ውስጥ ይዛ ለማወቅ የምትሞክርበት ነገር ግን አይደለም። እዚህ ያለ ቤተሰብ ሊያደርግላት የሚችለው ትልቁ ነገር አውሮፕላን ሳትሳፈር ገና እዚያ እያለች የሹፌሩን ፎቶ፣ ስልኩንና የመኪናውን ሰሌዳ በኢሞ መላክ ነው። «ከዚህ ሰው ውጭ ማንም ቢጠራሽ አትሂጂ» ብሎ መንገር ነው። ሰሌዳው ላይ ኮዱንም ተመልከቱ። በለመድነው ሰሌዳ ኮድ 1 ታክሲ ነው፣ ኮድ 3 ለንግድ ነው፣ ኮድ 2 የግል ነው። የግል መኪና ለኪራይ የሚያወጣ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፣ ግን አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይ ጥያቄ ይነሳል፣ ሰውየውንም ለማግኘት ይከብዳል።

አድራሻው ላይም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ የሚነገረው በምልክት ነው፤ ከሱቁ ጀርባ፣ ከግሮሰሪው ወረድ ብሎ። አሁን ግን ምልክቶቹ ጠፍተዋል። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፣ ካዛንቺስ በ2017 ተነሥቷል። ለአምስት ዓመት ያልመጣ ሰው «ከእንትና ቤት ፊት ለፊት» ይላል፣ ያ ቤት የለም፣ ሹፌሩም ወጣት ከሆነ ከነስሙ አያውቀውም። ሌሊት ደግሞ የሚጠየቅ ሰው መንገድ ላይ የለም። ቤት ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ሎኬሽኑን ለሹፌሩ ቀድሞ ይላክ፣ መብራት ያብራ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተኛ።

ሆቴል የሚያርፍ ሰው ደግሞ ምንም ከመክፈሉ በፊት ሆቴሉን ይጠይቅ። ብዙ ሆቴሎች በነፃ የሚያመላልስ መኪና አላቸው፤ ሰው ሳይጠይቅ ቀርቶ ሁለቴ ይከፍላል።

ወደ ቦሌ መሄዱ ከመምጣቱ ይቀላል፣ ቢያንስ ሹፌሩ ደጃፋችሁ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ የሚያስፈራው መንገዱ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር የቦሌ መንገድ በየሰዓቱ ይዘጋል። በዚያ ሳምንት የምትበሩ ከሆነ ከወትሮው ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ውጡ፣ ሹፌሩም አማራጭ መንገድ የሚያውቅ ይሁን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለመነሳት ከሆነ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደውሉለት፣ ሲተኛም ሲነሳም ያስታውሳችኋል። ሽኝት የሚመጣው ዘመድ ተርሚናሉ ውስጥ እንደማይገባም አስቡ፤ ለአምስት ደቂቃ ስንብት ሁለት መኪና መከራየት የለባችሁም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ 6 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ደግሞ አየር ማረፊያው ሊርቅ ነው። ቦሌ በጥር 2011 ተስፋፍቶ ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ይችላል ተብሎ ነበር። አየር መንገዱ ግን ቦሌ አይበቃኝም ብሎ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ አዲስ አየር ማረፊያ እየገነባ ነው፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ሲጠናቀቅ እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታቀደው። ሁለቱን አየር ማረፊያዎች የሚያገናኝ ባቡርም እቅዱ ውስጥ አለ። ባቡሩ ከአየር ማረፊያው ጋር እኩል ካልደረሰ ግን ሌሊት የሚያርፍ ሰው ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር በመኪና ነው የሚመጣው። በኪሎ ሜትር የሚታሰበው ሂሳብ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ይጨመራል፣ ባዶውን የሚመለሰው ሹፌር የመልሱንም ነዳጅ ያስባል። ቦሌ ላይ መኪናው የቀረበት ሰው በከፋ ቀን ዘመድ ቀስቅሶ በሃያ ደቂቃ ይደረስለታል። አቡሴራ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት የቀረ ሰው ማንን ይቀሰቅሳል? ስለዚህ የመኪና ማቆሚያውና የመገናኛ ቦታው፣ ግልጽ ታሪፉ፣ ስልክ ለሌለው ሰው የሚያገለግል የጥሪ ጠረጴዛው፣ በሁለቱም ሰዓት የተጻፈው ማስታወቂያ አሁን፣ ሕንፃው ገና ሳይነሳ ነው መታሰብ ያለበት። ቦሌ ላይ እነዚህ ነገሮች በኋላ የመጡ ስለሆኑ ነው ዛሬም ሰው በስልክ ተፈላልጎ የሚገናኘው።

አክስቴ ዘንድሮም ለፋሲካ ትመጣለች። ያንኑ ሹፌር ነው የያዝኩላት፣ በቀጥታ፣ ማንም በመካከል ሳይገባ። የላክሁለት መልእክት ይህ ነው፦ «ሰላም ወንድሜ። አክስቴ የምትገባው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ነው። በፈረንጅ ሐሙስ 01:40 ማለት ነው። ጠዋት አይደለም። ሁለት ትልቅ ሻንጣ አላት። ተርሚናል 2፣ መኪና ማቆሚያው ጋ። ስልኳ ላይሠራ ይችላል፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አልተኛም።»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ መለሰልኝ፦ «ገብቶኛል፣ ሌሊት ነው። 7 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ለእማማ ብርድ ልብስ እይዛለሁ።»